መጻተኛው ነጋዴና የሚመጣው ዘመን

ከጁባ መኻል ወደ ነጭ ዓባይ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ፣ በካቶር ሰፈር የሚገኘው የኮንዮ ኮንዮ ገበያ ገና ጎሕ ሲቀድ ይነቃል። ከኡጋንዳ ድንበር ከኒሙሌ ተነሥተው 192 ኪሎ ሜትሩን አስፋልት ያቋረጡ የጭነት መኪናዎች ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን፣ ሙዙንና ዱቄቱን ያራግፋሉ፤ ከወንዙ የመጣው የደረቀ ዓሣ ሽታ ከሰልባጅ ልብሱና ከከሰሉ ጢስ ጋር ተቀላቅሎ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ይታፈናል፤ ዐረብኛውን በየጐሣው አፍ አለስልሶ የጁባ ዐረብኛ የተባለውን ልሳን ያበጀው ሕዝብ ከባሪው፣ ከዲንካው፣ ከሉጋንዳውና ከስዋሂሊው ጋር ሲጠራራ፣ በመካከሉ አማርኛና ትግርኛ ጆሮን ሳያስቡት ይመቱታል። ስለ መጪው ዘመን ሥራና ንግድ መጻሕፍት የሚጽፉ ሊቃውንት ወደዚህ ገበያ ሲወርዱ አይታዩም፤ ቢወርዱ ኖሮ ግን በሰፊ አዳራሽ ተሰብስበው የሚተነብዩት ነገር እዚህ በችርቻሮ ሲሸጥ ባገኙት ነበር ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

ትንቢቱ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ከመቶ ዓመት በኋላ የሰው ልጅ በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ እየሠራ ይኖራል፣ ከዚያም ወዲያ የሚያስጨንቀው የዕረፍቱን ጊዜ የሚያሳልፍበት ብልኀት ነው ብሎ ነበር፤ ያ የተቀጠረው 2030 ሊደርስ ጥቂት ዓመታት ቀርተውታል። በ2013 እ.ኤ.አ. ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ሥራ 47 በመቶ የሚሆነው በማሽን ለመተካት እጅግ የተጋለጠ ነው ሲሉ ዓለም ደነገጠ። የዓለም የኢኮኖሚ ፎረም ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥራ ዘገባው እስከዚያው እስከ 2030 ድረስ 92 ሚሊዮን የሥራ ቦታ ይጠፋል፣ በአንጻሩ 170 ሚሊዮን አዲስ ይፈጠራል ሲል ገምቷል። እነዚህን ቍጥሮች አልንቃቸውም፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለው ስሌት ውስጥ ጐልቶ የሚታየው ሰው ደመወዝና የቅጥር ውል፣ መደብና ማዕርግ ያለው ነው። በኮንዮ ኮንዮ አጠገብ የውኃ ቦቴውን አቁሞ ደንበኛ የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ በየትኛው መደብ እንደሚገባ ከዘገባው አዘጋጆች አንዱ ቢነግረኝ ደስ ባለኝ። እርሱ ተቀጣሪ አይደለም፣ ሥራ ፈትም አይደለም፤ በአገሩ ሕግ የማይዳኝ፣ በሰው አገር ሕግ የማይታወቅ፣ በሁለቱ መካከል የቆመ መጻተኛ ነው።

ይህ መጻተኛ በምን እንደሚኖር በአንድ ቃል መግለጽ ካስፈለገ፣ ክፍተት በሚለው ቃል እገልጸዋለሁ። ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የሱዳን የሰላም ስምምነት በተፈረመ ጊዜ፣ ጁባ የብዙ ዓመት ጦርነት የወታደር ምሽግ አድርጎ ያኖራት፣ መንገዷ አፈር፣ መብራቷ የጀኔሬተር፣ ማረፊያዋ በወንዙ ዳር የተተከለ ድንኳንና ተገጣጣሚ ክፍል የነበረ ከተማ ነበረች። የረድኤት ድርጅቶች ሠራተኞች፣ የተባበሩት መንግሥታት መልእክተኞች፣ ከስደት የሚመለሱ ሹማምንት በአንድ ጊዜ ጐረፉባት፤ የሚተኙበት አልጋ፣ የሚበሉት ምግብ፣ የሚታጠቡበት ውኃ፣ ገንዘባቸውን የሚመነዝርላቸው ሰው አልነበረም። የጐደለውን ለመሙላት ከየጎረቤቱ የመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ከመጡት መካከል የእኛ ሰዎች አልጋውንና ምግቡን፣ ግንባታውንና ውኃውን ያዙ። ከጋምቤላ በኩል የመጣ አለ፣ በሞያሌ ወርዶ ኬንያንና ኡጋንዳን ዞሮ የደረሰ አለ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ቆርጦ በሁለት ሰዓት ገደማ የገባም አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2009፣ ደቡብ ሱዳን ገና አገር ሳትሆን፣ በጁባ ቅርንጫፍ ከፈተ። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. አዲሱ ሰንደቅ ዓላማ ሲውለበለብ እንግዶቹን ካስተናገዱት ሆቴሎች መካከል ቡናው በጀበና የሚፈላባቸው ጥቂቶች አልነበሩም።

ይህ ነገር ለምድሪቱም ለእኛም አዲስ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት የድንበር ውል በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ እንዲሰጥ ከፈቀደ በኋላ፣ ጋምቤላ በክረምት ወራት ባሮ ሲሞላ የካርቱም መርከብ የሚደርስባት ወደብ ሆና፣ የጎሬና የኢሉባቦር ቡና በእርሷ በኩል ወደ ዓለም ይወጣ ነበር። መርከቡና ባለ መርከቡ እንግሊዝ ቢሆኑም፣ በቡናው ገበሬና በመርከቡ መካከል ያለውን ክፍተት የሞሉት ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች ነበሩ። ጁባም ራሷ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ስትቈረቈር የመጀመሪያዎቹን የድንጋይ ሱቆች የሠሩላት እነዚያው ግሪኮች ናቸው፤ ከእነርሱም ጎን የሰሜን ሱዳን ጀላባ ነጋዴ ጨርቁንና ጨውን ይዞ ተተከለ። ግሪኮቹ ዛሬ የሉም፤ የጋምቤላው መርከብ ጡሩምባውን ከነፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መንገድ ሲሠራ፣ ድንበር ሲዘጋ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ክፍተቱ ወይ ተሞላ ወይ ቦታውን ቀየረ። እነዚያ ነጋዴዎች ስንፍና አልጣላቸውም፤ ከጁባ ፀሐይ በታች ሠላሳና አርባ ዓመት የሠራን ሰው ሰነፍ ሊለው የሚደፍር የለም።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ፤ የነገሩ ልብ ያለው በዚያ ነውና።

ጁባ ከዓለም ረጅሙ ወንዝ ዳር ተቀምጣ የምትጠማ ከተማ ናት። ከነዋሪዋ የሚበዛው ቤቱ ድረስ የሚመጣ ቧንቧ አያውቅም፤ ከወንዙ ዳር ካሉት መሙያዎች ቦቴው ይሞላል፣ በየሰፈሩ እየዞረ በርሜሉን፣ የፕላስቲክ ጋኑን፣ የሆቴሉን ታንከር ይሞላል፤ ከቦቴው አቅም በታች ለሆነው ሰው ደግሞ በብስክሌት ጀሪካን ጭኖ የሚገፋ ወጣት አለ። ይህን ሥራ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው የያዙት ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በአገር ቤት በአንድ ወቅት ጦር የተማዘዙ የሁለት መንግሥታት ልጆች በነጭ ዓባይ ዳር በአንድ ሰልፍ ተራ ይጠብቃሉ፣ በአንድ ጀበና ይጠጣሉ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው እየነዳለት የዕለት ገቢውን ያስረክበዋል። የቦቴ ኑሮ የሚመች አይደለም። ናፍጣው ሲወደድ፣ ኬላው ሲበዛ፣ ጐማው በኮረኮንቹ ሲቀደድ፣ ደንበኛው የውኃውን ዋጋ ቢሰማ የሚቈጣው በባለ ቦቴው ላይ ነው፤ ናፍጣውንና ኬላውን ደንበኛው አያያቸውም፤ የሚያየው የባዕድ ሰው ፊት ነው። ባለ ቦቴው አድማ ሲመታም ከተማይቱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ትጨነቃለች፤ ያን ጊዜም ሰዉ የባዕዱን አስፈላጊነት ባወቀ መጠን በባዕድ እጅ መውደቁን ይጠላዋል።

የጃፓን መንግሥት በረድኤት ያስጀመረው የጁባ የውኃ ማጣሪያና ማከፋፈያ ሥራ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተቋረጠ፣ እንደገና ተጀምሮ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በጁባ በተደረገው ውጊያ ዳግመኛ ተቋረጠ፣ በመጨረሻም ተጠናቀቀ። ከእርሱ ጋር ተመሳሳይ ዕጣ የገጠመው፣ በዚያው በጃፓን ረድኤት የተሠራው 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነፃነት ድልድይም በግንቦት 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። የውኃው ሥራ በየሰፈሩ የሕዝብ ቧንቧ ተክሏል፤ ለቦቴዎችም መሙያ ጣቢያ አበጅቷል። ዐቃጆቹ ቦቴው በአንድ ቀን እንደማይጠፋ አውቀው ቦታ ሰጥተውታል ማለት ነው፤ ብልኅ ዕቅድ ነው። ነገር ግን የሕዝብ ቧንቧ በተተከለበት ሰፈር የቦቴው ተራ ይቀንሳል፣ ቧንቧው ወደ ቤት በገባበት ሰፈር ተራው ያልቃል። አንድ አዲስ የመጣ ልጅ ነባሩን «ጋሼ፣ ይህ ሥራ ስንት ዓመት ያኖራል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ነባሩም «ቧንቧው እስኪደርስ፣ ልጄ» ብሎ ቢመልስለት፣ ከዓለም የኢኮኖሚ ፎረም ከሚወጣው ዘገባ ሁሉ የበለጠ እውነት ነገረው እላለሁ። ቧንቧው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለውም፣ አያስብም፣ አይናገርም፤ ግን የቦቴውን ሥራ የሚወስደው እርሱ ነው።

ሳምራዊቷ ሴት በሲካር በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ቆማ ዳግመኛ ለመቅዳት የማትመላለስበትን ውኃ በለመነች ጊዜ፣ በዚያች ከተማ ውኃ እየተሸከመ የሚሸጥ ሰው ኖሮ ልመናዋን ሰምቶ ቢሆን ምን ያስብ እንደ ነበረ ወንጌላዊው አልነገረንም። ሴቲቱ ግን መለመኗ ትክክል ነበር። የጁባ እናት ለልጇ ንጹሕ ውኃ በርካሽ ማግኘቷ የሚያሳዝነው ሰው ካለ ኅሊናውን ይመርምር፤ የእኛን ሰው ጕዳት ስናስብ ይህን ረስተን ማሰብ አይገባንም። በመጪው ዘመን የሚጠፋ ሥራ ሁሉ የሚያስለቅስ አይደለም፤ ከእነርሱ የሚበዛው የሌላው ሰው ችግር ቀጣይ እንዲሆን በመፈለግ ላይ የቆመ ነበርና።

ከውኃው ቀጥሎ የሚዘጋው ክፍተት የገንዘቡ ነው። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በመንግሥት ዋጋ ሦስት ፓውንድ አይሞላም ነበር፤ በገበያው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሸጥ ነበርና በሁለቱ መካከል በቆመው ክፍተት በወረቀትና በፊርማ ብቻ የከበሩ ሰዎች ነበሩ። ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀ ዕለት ዶላር ወደ 18 ፓውንድ ዘለለ፤ በ2016 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ማስተላለፊያው ቱቦ ከተበላሸ ወዲህ ደግሞ፣ የመንግሥቱ ገቢ ከሞላ ጎደል ከነዳጅ ነውና፣ ፓውንዱ ወርዶ ወርዶ ዶላር ከ4,000 ፓውንድ በላይ ሆነ። በኮንዮ ኮንዮ የገንዘብ እስር በጡብ መጠን ይቈለላል፤ ቸርቻሪው ጠዋት የሸጠውን ዕቃ ከሰዓት በኋላ በዚያው ዋጋ መልሶ መግዛት አይችልም። ኢትዮጵያዊው ነጋዴ የሚያድርበትን ጭንቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ያገኘውን ፓውንድ ወዲያው ወደ ዶላር፣ ዶላሩን በሐዋላ ወደ አገር ቤት። አገር ቤትም የባንኩ ዋጋና የጥቁር ገበያው ዋጋ እጅግ ተራርቀው ስለ ነበር፣ ሐዋላ አቀባዩ በሁለት ወገን ክፍተት ተቀምጦ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብርም በገበያ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈና የባንኩና የጥቁሩ ዋጋ ተቀራረቡ። ይህ ለአገር የሚበጅ ይሁን አይሁን ሌላ ሐተታ የሚሻ ነገር ነው፤ ለሐዋላ አቀባዩ ግን እንጀራው ተቈረጠ።

ስልኩ ደግሞ አለ። በኢትዮጵያ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በደቡብ ሱዳን ከእርሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 «ኤም ጉሩሽ» የተባለ የስልክ ገንዘብ ወጥቷል። ስሙን ስሰማ ፈገግ አልሁ፤ ጉሩሽ ማለት በዐረብኛው ገንዘብ ነው፣ አፄ ምኒልክ በስማቸው ካስመቱት ሳንቲሞች መካከልም ገርሽ ይገኝበታል፤ አያቶቻችን በከረጢት የያዙት ቃል ከመቶ ዓመት በኋላ ድምፅ በሌለው መልእክት በስልክ ተመልሶ መጣ። የሁለቱ አገሮች የስልክ ገንዘቦች ያለ አማላጅ በቀጥታ የሚነጋገሩበት ቀን ሲመጣ፣ በኮንዮ ኮንዮ ዳር በደብተር ስም እየጻፈ፣ በድምፁ ብቻ እየታመነ ገንዘብ የሚያስተላልፈው ሰው ምን እንደሚሆን መገመት ነቢይ መሆን አያሻውም። ከዚህ የምቈጨው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ደብተር የታማኝነት ደብተር ነበር፤ ያላዩትን ሰው ያስታመነ፣ ያለ ዳኛና ያለ ፖሊስ የጸና ሥርዓት ነበር፤ ስልኩ ፍጥነቱን ይዞት ይመጣል፣ ያንን መተማመን ግን ይዞት ይመጣል ብዬ አላስብም።

ሦስተኛው ክፍተት በሕግ የተከፈተና በሕግ የሚዘጋ ነው፤ ይህ ከሁለቱ ይልቅ ያስፈራኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የደቡብ ሱዳን የኢንቨስትመንት ማስፋፊያ ሕግ ጥቃቅንና አነስተኛ ንግድን፣ ችርቻሮንና የታክሲ ሥራን ለአገሩ ተወላጆች ቅድሚያ የተጠበቁ አድርጎ ይደነግጋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የውጭ አገር ሰው ቦዳ ቦዳ የሚባለውን ሞተር ብስክሌት በጁባ እንዳይነዳ ተከለከለ፤ ያ በአብዛኛው የመታው ኡጋንዳውያንን ነበር። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የሥራ ሚኒስቴሩ ያወጣው ማስታወቂያ የረድኤት ድርጅቶች፣ ባንኮች፣ የስልክና የነዳጅ ኩባንያዎች፣ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች የውጭ ሠራተኞቻቸውን በአንድ ወር ውስጥ አሰናብተው በዜጋ እንዲተኩ አዘዘ። ዓለም ጮኸ፤ መንግሥቱም በቀናት ውስጥ ነገሩን ወደ ኋላ መልሶ አብራራው። ማስታወቂያው ቀረ፤ ማስታወቂያውን ያስወጣው ስሜት ግን አልቀረም። እንዴትስ ይቀራል? ከሕዝቡ ግማሽ የሚያህለው ሃያ ዓመት ያልሞላው አገር፣ ወጣቱ ከሆቴሉ አጥር ውጭ ቆሞ በውስጡ የሚያሳልፈውን፣ የሚያበስለውን፣ ሒሳብ የሚይዘውን ባዕድ ሲያይ የሚሰማውን እኛ ብንሆን አይሰማንም ነበርን?

እኛም በእርግጥ ተሰምቶናል። በገዛ አገራችን ችርቻሮና ጅምላ፣ አስመጪነትና ላኪነት ለባዕድ ዝግ ሆኖ የኖረው ለብዙ ዓመታት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ነው ለውጭ ባለ ሀብት የተከፈተው፤ ቀጥሎም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፈተ። እንግዲህ ነገሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው ይገርመዋል፦ በጁባ ኢትዮጵያዊው ቸርቻሪ ባዕድ ነህ ሊባል ሲፈራ፣ በመርካቶ ያለው ወንድሙ ደግሞ ባዕድ መጣብኝ እያለ ይፈራል። ሁለቱ ፍርሃቶች አንድ ናቸው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ግን በስልክ ሲነጋገሩ ይህን የተነጋገሩ አይመስለኝም።

የጎረቤት ነገርም አለ። ደቡብ ሱዳን በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ለመግባት ፈረመች፤ ኡጋንዳዊውና ኬንያዊው ነጋዴ በኮንዮ ኮንዮ ሲቆም ከኋላው የማኅበሩ ውል አለ። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበር አባል አይደለችም። ሁለቱም አገሮች አባል የሆኑበት ኢጋድ የተባለው የቀጣናው ማኅበር ግን አለ፤ ሚኒስትሮቹም በየካቲት 2012 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ስለ ሰዎች ነፃ ዝውውር የሚደነግግ ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። ደቡብ ሱዳናውያን ተፋላሚዎች መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. የሰላማቸውን ውል የፈረሙት በአዲስ አበባ ነበር፤ ከዚያም አስቀድሞ በየካቲት 1964 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሱዳን ጦርነት የቆመው በአዲስ አበባ በተፈረመ ውል ነው። የሰው አገር ሰላም ለማስፈረም እንዲህ የምንተጋ ሰዎች፣ በዚያው አገር የሚሠራውን የገዛ ወገናችንን መብት የሚያስጠብቅ ግልጽ የሥራ ውል ለመፈራረም የዘገየነው ስለ ምን ነው? የሚመለከታቸው እንዲመልሱት ትቼዋለሁ።

በጥር 2017 ዓ.ም. የሆነው ነገር ደግሞ የሕግ ክፍተት ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያስፈራ ነገር እንዳለ አሳየን። የሱዳን ጦር ዋድ መደኒ የተባለችውን ከተማ መልሶ በያዘ ሰሞን በዚያ የነበሩ ደቡብ ሱዳናውያን መገደላቸውን የሚያሳይ ቪዲዮ በስልክ ተሰራጨ፤ ወዲያው በጁባ ወጣቶች ተነሥተው የሱዳናውያንን ሱቆች ዘረፉ፣ ሰውም ሞተ፤ መንግሥት የሰዓት እላፊ አወጀ፣ ፌስቡክንና ቲክቶክንም አዘጋ፣ ከቀናት በኋላም ከፈተ። እነዚያ በጁባ ሱቅ የከፈቱ ሱዳናውያን ብዙዎቹ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሸሽተው የመጡ ነበሩ፤ በዋድ መደኒ በሆነው ነገር እጃቸው አልነበረበትም። ቀድሞ የአንድ አገር በደል ወሬ ሆኖ ሌላው አገር እስኪደርስ ወራት ይፈጅበት ነበርና፣ ሽማግሌ ለማስታረቅ ጊዜ ያገኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በደሉ በተፈጸመ በሰዓታት ውስጥ በእያንዳንዱ ወጣት መዳፍ ላይ ይታያል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት በደቡብ ሱዳን ፈቃድ አግኝቶ ሲሠራ፣ መስመር የማይደርስበት መንደርም ወደዚሁ ኅብረት ገብቷል። መጪው ዘመን ሁሉን ያቀራርባል የሚሉ ሰዎች እውነት ይናገራሉ፤ መጻተኛው ነጋዴ ግን ከሚያውቀው ጎረቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከማያውቀው ወንጀል ጋርም ይቀራረባል። በጅዳ፣ በጆሃንስበርግ፣ በካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ለዚህ ነገር ማብራሪያ አያሻውም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥቂት ቃል ልጨምር፣ አንባቢ ይጠብቀዋልና። በጁባ ከሚሠራው ኢትዮጵያዊ እጅ ያ ማሽን የሚነጥቀው ነገር ብዙ አይደለም፤ ጨረታ ማመልከቻ የሚጽፍለትን፣ ደብዳቤ የሚተረጕምለትን ሰው ቀለብ ምናልባት ይነካ ይሆናል። የጁባ ዐረብኛ ግን በመጽሐፍ ከተጻፈው ይልቅ በገበያ የሚነገረው እጅግ የሚበልጥ ልሳን ነው፤ ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነውና፣ ከአሮጊቷ የዓሣ ነጋዴ ጋር ዋጋ ተከራክሮ፣ ቀልዷን ቀልዶ፣ አመሏን አውቆ የሚገዛው ልጅ ለጊዜው ከማሽኑ ይቀድማል። ይህም ቢሆን ክፍተት ነው፤ ከክፍተቶቹ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚዘጋው ይኸኛው ይመስለኛል።

እንግዲህ ነቀፌታዬን ልናገር። በጁባ ያለው ማኅበራችን ሀብቱን የሚያኖረው ሊሸከመው በሚችለው ነገር ላይ ነው፦ በዶላር፣ በቦቴ፣ ፈርሶ በሚጫን ክፍል። ሁለት ጊዜ ጦርነት በከተማው መካከል ደርሶበታል፤ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሱቁን ዘግቶ ሕይወቱን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ዳግመኛ ሲመለስ ግድግዳ ለመገንባት ቢፈራ አልፈርድበትም። ነገር ግን ግድግዳ ያልገነባ ሰው፣ ሰው መገንባትም ይችል ነበር። አሥር ዓመትና አሥራ አምስት ዓመት በጁባ ሆቴል የሠራ ኢትዮጵያዊ ስንት ደቡብ ሱዳናዊ ምግብ አብሳይ፣ ስንት የቧንቧ ሠራተኛ፣ ስንት ግንበኛ አሠለጠነ? ያደረጉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ በእነርሱ ወጥ ቤት የተማሩ ወጣቶች ዛሬ እንጀራ ሲጋግሩ፣ በአማርኛም «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ ይሰማል። የሚበዛው ግን ሙያውን እንደ ምስጢር ደበቀው፤ «ካስተማርኩት ይተካኛል» አለ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ያላስተማረውም መተካቱ አልቀረም፤ ልዩነቱ፣ ያስተማረው ሰው ሲተካ ሸሪክ ሆኖ ይቀራል፣ ያላስተማረው ግን ባዕድ ሆኖ ይወጣል። ግሪኮቹም ጁባን በድንጋይ ሠሩ፤ በግንቡ ውስጥ ግን የአገሩ ልጅ ባለ ድርሻ አልነበረም፤ ዛሬ ግንቡ አለ፣ እነርሱ የሉም።

ለጁባው ማኅበር የምመክረው ይህን ነው፦ የአገሩን ልጅ በወረቀት ሳይሆን በእውነት ሸሪክ ያድርግ። ፈቃድ ለማውጣት ብቻ ስሙን የተዋስኸው ተወላጅ በችግር ቀን ከአንተ ጋር አይቆምም፤ ከትርፉ የሚካፈል፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ሱቁ ሲዘረፍ የራሱ እንደ ተዘረፈ የሚሰማው ሰው ግን በር ላይ ይቆማል። በአዲስ አበባ ያሉት የሥራና የውጭ ጉዳይ ሹማምንት ደግሞ የኢጋዱን ፕሮቶኮል ከመደርደሪያ አውርደው፣ እርሱ እስኪጸና ድረስ ከጁባ መንግሥት ጋር ለብቻ የሚጸና የሥራና የንግድ ውል ቢያበጁ፣ ከብዙ የወንድማማችነት ንግግር ይበልጥ ያስመሰግናቸዋል።

ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ ጁባ ለመላክ የሚሰናዳ አንባቢ ካለ ደግሞ፣ ከቪዛውና ከትኬቱ ወጪ ላይ ጥቂት ጨምሮ፣ ስድስት ወርም ቢሆን አዘግይቶ፣ አስቀድሞ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ መግጠም ወይም የቧንቧ ሥራ እንዲያስተምረው እለምነዋለሁ፤ ቧንቧውን ቢያስቀድምለት እወዳለሁ።